ወሰን ተሻግሮ የሚሠራው መሬት የማን ኃላፊነት ነው?

ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚዘልቅ መንገደኛ ጎሮ አደባባይ ሲደርስ ከተማው የት ላይ እንደሚያበቃ በዓይኑ አይቶ ሊናገር አይችልም። በአንድ ወገን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፓርኩ፣ ራቅ ብሎ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በደቡብ አቅጣጫ ደግሞ ወደ ቱሉ ዲምቱ አምርቶ ከአዳማው ፈጣን መንገድ ጋር የሚያገናኘው ሰፊ ጎዳናና የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይገኛሉ። ዕድሜው ገፋ ያለ የአካባቢው ነዋሪ ግን ይህን መሬት የሚያስታውሰው የጤፍና የስንዴ ማሳ ሆኖ ነው። አዲስ አበባን ከኦሮሚያ የሚለየው መስመር በካርታ ላይ ተሠምሯል፤ ውሃውና ቆሻሻው ግን መስመሩን አያውቁትም።

ይህ ሁኔታ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አንድን አገልግሎት ብቻ፣ ለምሳሌ መስኖን ወይም የመጠጥ ውሃን፣ ለማካሄድ የሚቋቋሙና እንደ አስፈላጊነቱ የአውራጃዎችን ወሰን የሚሻገሩ ልዩ ቀጣናዎች ከ38 ሺህ በላይ ናቸው። በ1933 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣንም የሥራ ክልሉ ሰባት ግዛቶችን ይነካል። የአሠራሩ ፍሬ ነገር የአስተዳደር ወሰኑ ባለበት ሆኖ ለአንድ የተወሰነ ተግባር ብቻ ከወሰኑ በላይ የሚሠራ አካል መፍጠር ነው።

አገራችንም ይህን ሞክራለች። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሥልጣኑ ከሸዋ እስከ ወሎና ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛቶች የሚዘረጋ፣ የአንድን ወንዝ ውሃና መሬት በአንድ እጅ ለማልማት የታሰበ ድርጅት ነበር። ሐሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም። ይሁንና የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ በተንዳሆ ጥጡን፣ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. በመተሐራ ሸንኮራውን ሲያስፋፉ፣ በበጋ ከብቶቹን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ይወርድ የነበረው የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደር የግጦሽ መሬቱን አጣ። በባለሥልጣኑ መዝገብ ይህ መሬት ባዶ ተብሎ ሊቆጠር የቻለው አርብቶ አደሩ ዓመቱን ሙሉ ስላልሰፈረበት ነበር። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ ያ የውሃ ዳር ግጦሽ ምን ያህል የሕይወት ዋስትና እንደነበረ በብዙ ሕይወትና ከብት ጥፋት ታየ። ቀጣናው የጠቅላይ ግዛቶችን ወሰን ለመሻገር የበቃ ሲሆን፣ በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ሕዝብ ግን በጉባኤው ውስጥ አላስቀመጠውም።

ከጎሮ ሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ሰንዳፋ እንለፍ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተከመረበት ረጲ፣ በሕዝቡ አጠራር ቆሼ፣ በመጨናነቁ በምትኩ በኦሮሚያ ክልል ሰንዳፋ አጠገብ በፈረንሳይ የገንዘብ ድጋፍ ዘመናዊ የማስወገጃ ሥፍራ ተሠራ። ሥፍራው በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ሽታውና ስለ ውሃቸው መበከል ባሰሙት ተቃውሞ ተዘጋ። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ለዚህ አደጋ የሰንዳፋን ገበሬ ተጠያቂ ለማድረግ የሚቃጣው ወገን ካለ ሚዛኑን የሳተ ነው። ገበሬው የጎረቤቱን ጉድፍ እንዲሸከም ሲጠየቅ፣ አሠራሩን የሚቆጣጠርበት ወንበር፣ ጉዳት ሲደርስ ሥራውን የሚያስቆምበት ሥልጣን፣ ከአገልግሎቱ ክፍያም የሚደርሰው ድርሻ በሕግ ተለይቶ ሊሰጠው ይገባ ነበር። ይህ ባልተሟላበት ሁኔታ ተቃውሞ ብቸኛው ድምፁ ሆነ።

ከዚህ አንፃር ሲታይ፣ በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ያስነሣውና በጥር 2008 ዓ.ም. የተሰረዘው የአዲስ አበባና የአካባቢዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ዕጣም አያስደንቅም። መንገድን፣ መኖሪያን፣ ፋብሪካንና አረንጓዴ ሥፍራን ባንድ ላይ ጠቅልሎ ለቀረበ ዕቅድ፣ ማሳው የሚነካበት ገበሬ ነገሩን የተረዳው እንደ ወሰን መግፋት ነው። በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ለዘለቄታው ለሚለቀቅ የእርሻ መሬት የሚታሰበው ካሳ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት ከፍ ቢያደርገውም፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ገበሬው ምን እንደሚሠራ የሚመልስ ስሌት አይደለም።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ጉዳይ ተስማምተዋል፤ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣባቸው ብርቱ ውዝግብ ካስነሡት የኮዬ ፈጬ ቤቶችም አብዛኛው ክፍል ወደ ኦሮሚያ ተካቷል። በበኩላችን ስምምነቱን እንደግፋለን። ነገር ግን ወሰን መለየቱ ውሃውን አይቀዳም፣ ቆሻሻውንም አያነሣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ለፋብሪካ የሚከለል መሬት ሕግ ለማግኘት አልተቸገረም፦ በ2007 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ወጥቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ግን አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሐል በመገኘቷ የሚነሡት የተፈጥሮ ሀብትና የጋራ አስተዳደር ጉዳዮች ዝርዝራቸው በሕግ ይወሰናል ካለ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ሦስት አሥርታት አልፈዋል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው ረቂቅ ለተወካዮች ምክር ቤት ቢመራም አዋጅ ሆኖ አልወጣም። ለልብስ ስፌት ሼድ የተገኘው ሕግ ለመጠጥ ውሃ ያልተገኘበትን ምክንያት አንባቢያን ይፍረዱት።

አዲስ ባለሥልጣን ማቋቋም ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ማኅተምና ሌላ መኪና ከመጨመር አያልፍም የሚሉ አሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ስለዚህም ሁሉን ጠቅላይ ድርጅት አንሻም። ለአንድ ተግባር አንድ ቀጣና፣ ለቀጣናውም ከሁለቱም ወገን የተወከለ ቦርድ፣ በቦርዱ ውስጥ የመሬቱ ባለይዞታ ገበሬዎች ራሳቸው የመረጧቸው አባላት፣ የገቢና ወጪውም ሂሳብ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሕዝብ የሚገለጽበት ሥርዓት ይኑር እንላለን።

መጀመሪያም በለገዳዲ ይሞከር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ይህ ግድብ የሚገኘው በኦሮሚያ ምድር ነው፤ ውሃውን የሚጠጣው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። ከላይኛው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ወደ ግድቡ ይወርዳል። ገበሬው እርከን ሠርቶ፣ ዛፍ ተክሎ፣ ዳገቱን ከማረስ ታቅቦ ደለሉን ሲገታ፣ የድካሙ ዋጋ ከከተማው የውሃ ሂሳብ ላይ ታስቦ በየዓመቱ ይከፈለው፤ ከግድቡ አጠገብ ላለው መንደርም ቦኖው በቅድሚያ ይዘርጋለት።