ተረትና እውነታ፦ ኩልል ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

«ጥሩ ማጣሪያ ማለት ውሃውን ኩልል የሚያደርግ ነው።» ትልቅ አኳሪየም ቤቱ የሚያስገባ ሰው ከሻጭም ከወዳጅም የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ብዙ ዓሣ የፈጀውም ይኸው ምክር ነው።

ምክሩ ጨርሶ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የደፈረሰ ውሃ ችግር እንዳለ ያመለክታል፤ የምግብ ትርፍራፊና ኩስ የሚይዝ ስፖንጅም የግድ ነው። ዓሣውን የሚገድለው ግን ዓይን የማያየው ነገር ነው። ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ይለቃል። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ቀለም የለውም፤ ገንዳው ጠርቶ እያለ ዓሦቹ ይመረዛሉ።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱት ስፖንጁና ማጣሪያው ውስጥ ያለው ሴራሚክ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬትን ግን ካልበዛ ዓሣ ይችለዋል። ባክቴሪያዎቹ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ እስኪሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ገንዳውን፣ ማጣሪያውንና ዓሦቹን በአንድ ቀን ሸጦ «ዛሬውኑ ልቀቋቸው» የሚል ነጋዴ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ዓሦቹ ሲያልቁ ሌላ ይሸጣል። ይባስ ብሎ «ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እስኪነጣ እጠቡት» ይላል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው።

እንግዲህ ለ400 ሊትር ገንዳ ማጣሪያ ስትመርጡ አስቀድማችሁ ሆዱን ክፈቱና ምን ያህል ስፖንጅና ሴራሚክ እንደሚይዝ እዩ።

ሌሎቹ ተረቶች ብዙ አያደክሙንም።

«ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሊትር በቂ ነው።» ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የተለካው ማጣሪያው ባዶ ሳለ ነው፤ ሲሞላና ሲቆሽሽ ይወርዳል። የተለመደው መመሪያ የገንዳውን ውሃ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ጊዜ ማዞር ነው። ለ400 ሊትር ከ1,600 እስከ 2,000 ሊትር መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከፍ ያለውን ምረጡ።

«ማጣሪያውን ማታ ማጥፋት መብራት ይቆጥባል።» ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ውሃው ለሰዓታት ከቆመ መሞት ይጀምራሉ። መብራት ሲጠፋም የሚሆነው ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ውሃ ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

«ማጣሪያው ጎበዝ ከሆነ ውሃ መቀየር አያስፈልግም።» ናይትሬቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ያህል፣ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ቀይሩ።

ከአንድ ግዙፍ ማጣሪያ ሁለት መካከለኛ ይሻላል እላለሁ፦ አንዱ ሲታጠብ ወይም ሲበላሽ በሌላኛው ላይ ያለው ባክቴሪያ ሥራውን ይቀጥላል። ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ግዙ፤ ሁለቱም መጀመሪያ ከፍ ብለው ወደ 0 እስኪመለሱ ድረስ አንድም ዓሣ አታስገቡ።