ቮ-ለ-ቪኮምት፦ ፉኬን ያሳሰረው ድግሱ ነው?

ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ ስላለው የቮ-ለ-ቪኮምት ግንብ የሚነገረው ታሪክ አጭርና ማራኪ ነው። የሉዊ 14ኛ የገንዘብ ሹም ኒኮላ ፉኬ በአርክቴክቱ ለ ቮ፣ በሠዓሊው ለ ብረንና በአትክልት ነዳፊው ለ ኖትር ያሠራውን ቤት ሊያሳይ በኦገስት 17 ቀን 1661 (እ.ኤ.አ.) ንጉሡን ጋበዘ። ሞሊየር አዲስ ቴአትር አሳየ፣ ርችት ተተኮሰ፤ ንጉሡም በቅናት በገነ፣ በ19ኛው ቀን ፉኬ ታሰረ ይባላል። ቮልቴር ያስፋፋው ይህ ትረካ ከቀኖቹ ቅደም ተከተል ጋር ስለማይገጥም አልቀበለውም።

የፉኬ ባላንጣ የነበረው ባለሥልጣን ኮልቤር ፉኬን የሚወነጅል ማስታወሻ ለጊዜው ዋና ሚኒስትር ለካርዲናል ማዛረን የጻፈው በ1659 ነው፤ ከድግሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ። ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። ፉኬ የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዋና ዐቃቤ ሕግም ስለነበር፣ መዳኘት ያለበት በዚያው በባልደረቦቹ ፊት ነበር። ኮልቤር አግባብቶት ይህን ሹመት ሸጠ፤ የሸጠውም ከድግሱ በፊት ነው። እንግዶቹ ማዕድ ሲቀርቡ አስተናጋጁ ጋሻውን አስረክቦ ጨርሷል።

«ታዲያ ንጉሡ የግድግዳ ምንጣፎቹንና የብርቱካን ዛፎቹን ለምን ወሰደ? ሦስቱን ባለሙያዎችስ ለምን ለቬርሳይ አሠማራ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቤቱን መመኘቱንም አልክድም። ምኞቱ ግን ከእስሩ በኋላ የሆነውን እንጂ እስሩን አያስረዳም። «ፉኬ እኮ የመንግሥትን ገንዘብ ከራሱ ጋር ቀላቅሏል» ለሚለውም መልሴ እውነት ነው የሚል ነው፤ ቤሊል የተባለችውን ደሴት ገዝቶ ምሽግ ማሠራቱም ጥርጣሬ የሚያጭር ነበር። ይሁንና ማዛረን ከፉኬ እጅግ የሚበልጥ ሀብት አከማችቶ ሳይጠየቅ ሞቷል፤ የዚያ ሀብት አስተዳዳሪም ኮልቤር ራሱ ነበር። ለአንድ ዘመን የሒሳብ ጉድለት አንድ ሰው ብቻ ሲጠየቅ፣ ክሱ የሌሎቹን መዝገብ ለመዝጋትም ያገለገለ ይመስለኛል። በ1664 ከዳኞቹ 13ቱ ስደት፣ 9ኙ ሞት ፈረዱ። ንጉሥ ምሕረት ያደርጋል ሲባል፣ ሉዊ ስደቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት አከበደው። ፉኬ በ1680 በፒኜሮል እስር ቤት ሞተ።

ርስቱ ለሚስቱ ተመለሰ፤ በኋላም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በ1875 አልፍሬድ ሶምዬ የተባለ የስኳር ፋብሪካ ባለቤት በጨረታ ገዝቶ አትክልቱን አስመለሰ፤ ከ1968 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው። የመሄድ ዕድል ካገኛችሁና አስጎብኚው የድግሱን ሌሊት ሲተርክላችሁ፣ የዐቃቤ ሕግነቱ ሹመት መቼ እንደተሸጠ ጠይቁት።