የቁልቁለቱ ነገር አፋፉ ላይ ያልቃል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚያልፍ ከባድ መኪና ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይሆናል። ከፊቱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው የሠሩት፣ ርዝመቱ ከ500 ሜትር የሚያልፍ ዋሻ አለ። ከዋሻው ሲወጣ ደጋው ያበቃና የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ገደል ይጀምራል። መንገዱ ደብረ ሲናንና አርማንያን እያቋረጠ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ ይጠማዘዛል፤ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥም ከ1,700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ተሳቢ የሚጎትት መኪና ተገልብጦ ሲገኝ ከመንገደኛውም፣ ከባለንብረቱም አፍ የሚወጣው ያው ነው፦ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው።» ፍሬኑ በእርግጥ እምቢ ብሎ ይሆናል። ነገር ግን እምቢ እንዲል ያደረገው ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰነው ከአደጋው ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ፣ አፋፉ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ጭነቱ በተጫነበት ግቢ ውስጥ። ይህን ካላመንን አደጋውን እያዘንን መቁጠር እንጂ ማስቀረት አንችልም።

ጉዳዩ ለመንዝ ሞላሌ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከጣርማ በር የሚገነጠለው መንገድ በመዘዞ አድርጎ ሞላሌን፣ ከዚያም መሐል ሜዳን ያገናኛል። የመንዝ ገበሬ ገብሱና ባቄላው፣ ምስሩና በጉ ወደ ትልቅ ገበያ የሚወጣለት፣ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮውና ዘይቱ የሚገባለት በመኪና ነው። ከሸዋ ሮቢትና ከኮምቦልቻ አቅጣጫ የሚመጣ ጭነት ያንን ገደል ሳይወጣ መንዝ አይደርስም። መርሐቤቴም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም፤ ከለሚ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚያቀና መኪና ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ እንደገና መውጣት አለበት። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የሚዘልቀው የዓባይ በረሃ፣ ከደባርቅ ወዲያ ያለው ሊማሊሞም የዚሁ ታሪክ ክፍል ናቸው። አገራችን ሕዝቧ የሚበዛው ደጋ ላይ፣ የምትጠቀምበት ወደብ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ስለሆነ ተሳቢ ይዞ ገደል መውጣትና መውረድ የዕለት እንጀራችን ሆኗል።

ዳገቱ የራሱ ፈተና አለው። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ውሃም ክዳኑ በደንብ በማይገጥም ራዲያተር ውስጥ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሆኖም ዳገት ላይ ያቃተው መኪና ብዙውን ጊዜ ይቆማል፤ ረዳቱ ታኮ ያደርግለታል፣ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ቁልቁለት ግን ያቃተውን መኪና አያቆመውም። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከጣርማ በር ተነሥቶ 1,700 ሜትር ሲወርድ ከፍታው የሰጠው ጉልበት በሙሉ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ጥቂቱን የጎማ ሰበቃና ነፋስ ይወስዱታል፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ያ ጉልበት በጠቅላላው ሲሰላ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ይህንኑ መኪና 120 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከማቆም ጋር ይተካከላል። በሌላ አነጋገር ባለ 200 ሊትር አሥር በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ እሳት በጎማዎቹ ውስጥ በተሸጎጡ ጥቂት የብረት ታምቡሮች ላይ ብቻ ከተራገፈ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም።

የሚከተለውንም አንድ ጎማ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ አየር ወደ ፍሬኑ ሄዶ ሸራ የለበሱትን ጫማዎች ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሸራው የሚሽከረከረውን ታምቡር ከውስጥ ይይዘዋል። ታምቡሩ በጣም ሲግል ግን ብረት ነውና ይለጠጣል፤ ከሸራውም ይርቃል። ጫማው ከበፊቱ ይልቅ ብዙ መንገድ መሄድ አለበት፤ አስቀድሞ ያልተስተካከለ ፍሬን ከሆነ ደግሞ የሚሄድበት መንገድ ያልቅበታል። ሸራውም ሙቀቱ ሲያልፍበት መያዙን ትቶ ይንሸራተታል፤ ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባል፣ ጭሱ ከኋላ ይታያል። ሹፌሩ በድንጋጤ ደጋግሞ ሲረግጥ ኮምፕሬሰሩ ከሚሞላው በላይ አየር ይወጣል። በዚያች ሰዓት ፔዳሉ ስር የሚሠራ ነገር የለም። ይህ ሁሉ ድንገተኛ አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ፣ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር የተከማቸ ነው።

ተሳቢ ሲኖር ነገሩ ይብስ ይወሳሰባል። ጎታቹና ተሳቢው የየራሳቸው ፍሬን አላቸው፤ የሁለቱ ድርሻ ካልተመጣጠነ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሸከማል። የተሳቢው ፍሬን ሸራው አልቆ ወይም አየሩ ሾልኮ ከደከመ፣ ጎታቹ ራሱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚገፋውን ጭነትም መያዝ ይኖርበታል፤ ስለዚህ የእርሱ ታምቡሮች ቀድመው ይግላሉ። ከዚያም ኩርባ ላይ ተሳቢው ገና ወደ ፊት ሊሄድ ሲል ጎታቹ ይዞራል፤ ከመጋጠሚያው ላይ ይታጠፉና መኪናው ሁለቱንም የመንገዱን አቅጣጫ ዘግቶ ይንሸራተታል። በደብረ ሲና ኩርባዎች፣ ጉም በሚበዛበትና አስፋልቱ በሚረጥብበት ወቅት፣ ይህን ለማረም የሚበቃ ቦታም ጊዜም የለም።

እንግዲህ መፍትሔው ሙቀቱን ከጎማ ፍሬኑ ላይ ማንሳት ነው፤ ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ማርሽና ፍጥነት ናቸው። 7 በመቶ ቁልቁለት ላይ 40 ቶኑ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወርድ የሚገፋው ኃይል ወደ 400 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። በመንገዶቻችን ላይ በብዛት ከሚታየው ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖ ትራክ ሞተር ይበልጣል ማለት ነው። ፍጥነቱ ወደ 20 ሲወርድ ግን ይህ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ ዝቅተኛ ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተርም ከሞተር ፍሬኑ ጋር ተጋግዞ ከዚያ ብዙውን ሊይዘው ይችላል። የጎማ ፍሬን ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው፦ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ትንሽ መቀነስ፣ ከዚያ ለቅቆ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት። ቀስ አድርጎ ሳይለቁ እየረገጡ መውረድ የተጠነቀቁ ቢያስመስልም ታምቡሩን ያለ ዕረፍት ያነድዳል። ማርሽ ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ መውረድ ደግሞ የአሥሩን በርሜል እሳት በሙሉ ለጎማ ፍሬን መስጠት ነው። ከሁሉም በላይ፣ መኪናው አንዴ ከፈጠነ በኋላ ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባት አይቻልም፤ የወጣው ማርሽ አልመለስ ብሎ ዜሮ ላይ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው ማርሹ የሚመረጠው ዋሻው ከመታለፉ በፊት መሆን ያለበት። ውሳኔው አፋፉ ላይ ነው ማለትም ይኸው ነው።

ዓለም አቀፉ ሙከራም ይህንኑ ይመሰክራል። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው የተሽከርካሪ ፍሬን ደንብ ቁጥር 13፣ ከባድ ተሳቢ እንዲጎትቱ የሚፈቀድላቸውን ትልልቅ መኪናዎች በ7 በመቶ ቁልቁለት ላይ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ለ6 ኪሎ ሜትር፣ የጎማ ፍሬን ሳይነካ በሞተርና በረዳት ፍሬን ብቻ እንዲወርዱ ይፈትናቸዋል። መሐንዲሶቹ የጎማ ፍሬን ለረጅም ቁልቁለት እንዳልተሠራ ስለሚያውቁ ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ደግሞ ርዝመቱ የዚህን ፈተና ስድስት እጥፍ ያልፋል። ለዓመታዊው ቦሎ የሚደረገው ምርመራ አስፈላጊ ቢሆንም ፍሬኑ የሚታየው ሜዳ ላይ፣ ቀዝቅዞ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ጭነት ነው። በታኅሣሥ የተለጠፈ ቦሎ በግንቦት አፋፍ ላይ ስለቆመው መኪና ዋስትና አይሰጥም።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው የልምድ ጉዳይ ነው፤ ሹፌሮቻችን በዚህ መንገድ ያረጁ ናቸው፣ ማን ያስተምራቸዋል የሚል። ልምዳቸው እውነት ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለው የአሮጌ ሹፌሮች ምክርም ከዚያው ልምድ የወጣ ነው። ነገር ግን ልምድ የታምቡርን ሙቀት አይቀንስም። መቶ ጊዜ በደኅና መውረድ የጭነቱ ክብደት፣ የሸራው ውፍረትና የተሳቢው ፍሬን ያኔ ምን እንደነበሩ እንጂ ዛሬ ምን እንደሆኑ አይናገርም። እንዲያውም ጉልበታም አዲስ ሞተር ይዞ የመጣ መኪና ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ስለሚወጣው፣ በዚያው ማርሽ ልውረድ ያለው ሹፌር ሊሳሳት ይችላል፤ አንድ ደረጃ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ማለት አለበት።

ሁለተኛው የድህነት ጉዳይ ነው። መኪኖቻችን ያረጁ ናቸው፤ ሪታርደር የሚባለው ረዳት ፍሬን የተገጠመለት አዲስ ጎታች መግዛት ለስንቱ ባለንብረት ይቻላል? ይህ ትክክል ነው፤ ግን ክርክሩን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። ደካማ የሞተር ፍሬን ያለው መኪና ከጠንካራው ይልቅ ዝቅ ባለ ማርሽና በቀሰስተኛ ፍጥነት መውረድ፣ ጭነቱንም መቀነስ አለበት። አፋፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ጎማዎቹን መዞር ገንዘብ አይጠይቅም። ረዳቱ የእጁን ጀርባ ሳይነካ ወደየቸርኬው ሲያስጠጋ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ ጎማ ካገኘ ፍሬኑ ይዞ ቀርቶ ይሆናል፤ ከሌሎቹ የቀዘቀዘ ካገኘ ደግሞ ፍሬኑ ሳይሠራ ቀርቶ ይሆናል። የአየሩን መጠን ማየት፣ የሚሾልክ ድምፅ ማዳመጥ፣ የተሳቢውን መጋጠሚያና ቱቦዎች መፈተሽ ለአሮጌውም ለአዲሱም መኪና እኩል ይሠራሉ። በግማሽ መንገድ የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል መተው ያለበት ልማድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፦ ጊዜ። ሹፌሩ ቀስ ልበል ቢል ጭነቱ ይዘገይበታል፣ አበሉ በምልልስ ነው፣ ባለንብረቱ ስልክ ይደውላል። እዚህ ላይ ነው ጥፋትን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት የሚሆነው። ከሚፈቀደው በላይ ያስጫነ፣ የሸራ መለወጫ ገንዘብ የከለከለ፣ በሌሊት ደርሰህ እደር ያለ ሰው ቁልቁለቱ ላይ አብሮ እየነዳ ነው። ሒሳቡም ቢሆን ይህን አይደግፍም። 40 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 40 ፈንታ በ20 መውረድ የሚወስደው ተጨማሪ ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። ለአንድ ሰዓት ሲባል መኪና፣ ጭነት፣ ከሁሉም በላይ የሰው ነፍስ ማስያዝ በየትኛውም ንግድ አዋጭ አይደለም።

አራተኛው መንገዱን ይመለከታል፤ ይስፋ፣ ኩርባው ይቃና፣ ፍሬን ለከዳው መኪና በአሸዋና በጠጠር የተሞላ መሸሻ ይሠራለት የሚል። ሊሠራለት ይገባል። ነገር ግን መሸሻው ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ሌክዉድ ከተማ አጠገብ እንጨት የጫነ ተሳቢ ከሮኪ ተራሮች ሲወርድ ፍሬን ከድቶት፣ ለዚሁ የተሠራውን መሸሻ አልፎ ቆመው ይጠብቁ የነበሩ መኪኖች ውስጥ ገብቶ አራት ሰዎች ሞተዋል። ሰፊ አውራ ጎዳና፣ ምልክት፣ መሸሻ ሁሉም ነበሩ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባቡር አንድ ቀን ጭነቱን ያቃልላል የሚሉም አሉ። ሐዲዱ ግን የሚያልፈው በገደሉ ግርጌ ነው፤ ወደ መንዝ የሚወጣ ኩንታል ከዚያ በኋላም መኪና ይፈልጋል።

ስለዚህ ሊደረግ የሚገባው ግልጽ ነው። በጣርማ በር አፋፍ፣ በዓባይ በረሃ ሁለት ጫፎችና በሌሎቹም ታላላቅ ቁልቁለቶች ራስ ላይ ለከባድ መኪና በቂ ማቆሚያ ይዘጋጅ፤ ተሳቢ የሚጎትት ሁሉ ከመውረዱ በፊት ቆሞ ፍሬኑን መፈተሽ ግዴታ ይሁን። የቁልቁለቱ ርዝመት፣ በመቶ ስንት እንደሆነና ለየክብደቱ የሚፈቀደው ፍጥነት በአማርኛና በሥዕል በትልቁ ይጻፍ። የትራፊክ ፖሊስ ቁጥጥር አደጋ ከደረሰ በኋላ ታች ሳይሆን ከመድረሱ በፊት አፋፉ ላይ ይሁን። አደጋ ሲመረመርም ማን ነዳ ብቻ ሳይሆን ማን ጫነ፣ ስንት ጫነ፣ ፍሬኑ መቼ ተስተካከለ ተብሎ ይጠየቅ። ባለንብረቶች ሆይ፣ ሹፌራችሁ አፋፍ ላይ መቆሙን በስልክ ስትሰሙ አትቆጡት፤ ንብረታችሁን እየጠበቀ ነው። ሹፌሮችም ከዋሻው በፊት ቁሙ፣ ጎማችሁን ዙሩ፣ ማርሻችሁን ዝቅ አድርጉ። ከዋሻው ወዲያ ለመምረጥ ጊዜ አይኖርም።