ፒካፕህ ይጩህልህ ወይስ ይጎትትልህ?

ሰሞኑን የማገኛቸው ባለፒካፕ ጎረምሶች ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል፤ «ምን ዓይነት ማርሚታ ላስገጥም?» ማብራሪያውም ያው ነው፤ «ድምፁ ጎርነን ያለ፣ ቦሌ ላይ ስታልፍ ሰው ዞር ብሎ የሚያይህ።» እኔ እምለው፣ ሰው ዞር የሚለው አድንቆ ነው ያላችሁ ማነው?

ለማንኛውም ዕቃውን እንወቀው። ማርሚታ በሁለት መንገድ ነው የሚሠራው። አንደኛው ውስጡ ክፍል ክፍል ያለው ነው፤ ድምፁን ከግድግዳ ግድግዳ እያላተመ እርስ በርሱ ያጠፋፋዋል። ሁለተኛው መሐሉን ቀጥ ብሎ የሚያልፍ የተበሳሳ ቱቦ አለው፤ ዙሪያው በፋይበር ግላስ ተጠቅጥቋል። በዚህኛው ጭሱ ሳይንገላታ ይወጣል፣ ድምፁም ይጎረንናል። ችግሩ ፋይበሩ እየተቃጠለ ሲያልቅ ነው፤ ያ ያማረ ድምፅ የጣሳ ጩኸት ይሆናል። ሦስተኛ ዓይነት አለ ካላችሁኝ፣ እሱ ማርሚታውን አውጥቶ ጥሎ ባዶ ቱቦ መበየድ ነው። አንዳንድ አራዶች «ስፖርት» የሚሉት እሱን መሰለኝ።

«ጉልበት ይጨምራል» ይሉሃል ደግሞ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ላይ ቱቦውን ከልክ በላይ ካሰፋኸው የጭሱ ፍጥነት ይወርድና ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ይደክማል። ፒካፕ እንጀራውን የሚበላው ደግሞ እዚያው ዝቅተኛ ዙር ላይ ነው፤ ጭነት ይዞ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ እንጦጦን ሽቅብ። ስለዚህ የእነ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል ሞተር ባለቤት ከሆንክ ከፋብሪካው ስፋት ብዙ አትራቅ። እንደ ዲ ፎር ዲ ያለ ባለቱርቦ ናፍጣ ሌላ ነው፤ ከቱርቦው ወዲያ ያለው መንገድ ሰፋ ቢልለት ይወዳል። እሱንም ቢሆን የሚጠቅመው ስፋቱ ነው። ጩኸት ፈረስ አይጎትትም።

ብረቱን በተመለከተ አጭሩ ነገር ይሄ ነው። ማርሚታ ብዙ ጊዜ የሚበላው ከውስጥ ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ አጭር አጭር መንገድ የሚመላለስ መኪና በደንብ ስለማይግል ውሃው ሳይተን እዚያው ይተኛል። ተራ ላሜራ ይህንን አይችልም። አሉሚኒየም የተለበጠው ይሻላል፣ ስቴንለስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሶማሌ ተራ ስትወርድ ትንሽ ማግኔት ኪስህ ክተት። «304 ስቴንለስ ነው» ያለህ ዕቃ ማግኔቱን እፍን አድርጎ ከያዘ፣ ወይ ረከስ ያለው 409 ነው፣ ወይ ክሮም የተቀባ ላሜራ ነው። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር አይክፋህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ጭሱ የት ነው የሚወጣው? ይህንን የሚጠይቀኝ ጎረምሳ እስካሁን አላገኘሁም።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ከሃይሌ ጋርመንት አትክልት እየጫነ ለየሱቁ ያከፋፍላል። መኪናው አሮጌ የቤንዚን ሃይሉክስ ነው። አንዱ በያጅ ማርሚታውን አወጣና ቱቦውን ከጭነቱ ወለል ሥር ቆርጦ ለቀቀለት። ድምፁ አማረ፣ ልጁም ፈነደቀ። ሁለት ወዛደሮቹ ሌሊት የሚመጡት ከኋላ ሸራ ተከናንበው ነው፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሲወርዱ ታዲያ ራሳቸውን ይዘው ሆነ፣ አንደኛውንማ ያስመልሰዋል። ልጁ «ሳይበሉ ስለሚያድሩ ነው» ብሎ ሻይ በዳቦ ይጋብዛቸው ጀመር። ደግነቱ አይካድም። እሑድ ሥራ የለም፣ ሕመሙም የለም፤ ሰኞ ይመለሳል። አንድ ንጋት ላይ መኪናው ሲቆም ታናሽየው አልነቃ አለ። ጎትተው አወረዱትና ሆስፒታል አደረሱት፤ ኦክስጅን ተሰጥቶት ተረፈ። ሐኪሙ ምን በላ ብሎ አልጠየቀም፤ መኪናው ምን ነካው ነው ያለው።

ነገሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። የቤንዚን ሞተር ከናፍጣ ይልቅ ብዙ ያወጣል። ጭራሽ ደግሞ መኪና ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ስለሚሳሳ ጭሱን ወደ ራሱ መልሶ ይስበዋል፤ በሸራው ቀዳዳም፣ በተከፈተ የኋላ መስኮትም ይገባል። አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ይህንን መርዝ የሚያከሽፈው ካታሊስት የሚባለው ዕቃ ነው። ያንን አስፈልቅቆ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሸጠ ያወቀው አይመስለኝም።

እንግዲህ ቱቦው ከመኪናው አካል አልፎ ይውጣ፣ ከጭነቱ ወለል ሥር አይቅር። በያጁ ቱቦውን በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ልበይደው ካለህ እምቢ በል፤ ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል። በላስቲክ መስቀያ ይንጠልጠል። ብየዳው መኪናው ላይ ከሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ ነዳጅ ታንከሩም ይጠበቅ። ሲጨርስ ሞተሩ ሳይግል አስነሳውና የቱቦውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ያዝ አድርገው፤ በመገጣጠሚያዎቹ በኩል «ፍስስ» የሚል ከሰማህ ጋርኒሲዮኑ ወይ ብየዳው ያስተነፍሳል ማለት ነው። ሒሳብ ከመክፈልህ በፊት አድርገው ታዲያ።

ድምፁንም ቢሆን ጨርሰህ ተው አልልህም፤ ለዛ ያለው ጉርናን እኔም ደስ ይለኛል። ግን ዴሲቤሉ በ10 በጨመረ ቁጥር ለጆሮ እጥፍ ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሌሊት ከመኝታ ቤት መስኮት ውጭ ከ45 ዴሲቤል አይለፍ ይላል። አራስ ያለችበት ግቢ በር ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሞተር የሚያስጓራ ጎረምሳ ይህንን ቁጥር አንድ ሰው ቢነግርልኝ!

የድሮውን ማርሚታ ደግሞ ለቆራሌው እንዳትሰጥ። ፒካፕ የሚገዛ ሰው ቁም ነገረኛ ነው፤ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ያያል፣ ቀጥሎ «ኦሪጂናሉ የታለ?» ይልሃል።