የእርግዝና ስኳር ተስፋ የሚያስቆርጥ በሽታ አይደለም

አንዲት የገጠር ነፍሰ ጡር የስድስት ወር ምርመራዋን ለማድረግ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ «በደምሽ ውስጥ ስኳር በዝቷል» ተብላ ተመለሰች እንበል። ቤት ስትደርስ አማቷ «ማር አብዝታ ነው» ይላሉ። ጎረቤት «የሀብታም በሽታ እኛ ዘንድ ምን ሊሠራ መጣ?» ይላል። ባል አንገቱን ይደፋል። እርሷም ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ታምናለች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን ከቤት አትወጣም።

የማኅበር መሪዎች ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ይህችን የቀረች ቀጠሮ ነው። በሽታውን መቆጣጠር ይቻላል። እናቲቱን ከሕክምና ሊያስቀራት የሚችለው ፍርሃትና ወቀሳ ነው።

ገጠሩንም ይነካል

በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር በሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ ከ100 እናቶች ወደ 4 የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። ከ20 ዓመት በኋላ በጎንደር ከተማ የጤና ተቋማት በተካሄደ ጥናት ደግሞ ቁጥሩ ከ100 ወደ 13 ይጠጋል። ስለዚህ «የሀብታም በሽታ» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም።

መንስኤውን በመስኖ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። የምንበላው ምግብ ወደ ስኳርነት ተለውጦ፣ ውሃ በቦይ እንደሚሄድ ሁሉ በደም ይጓዛል። ውሃውን ከቦይ ወደ ማሳ የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። በእርግዝና ጊዜ ከእንግዴ ልጅ የሚወጡ ንጥረ ነገሮች የማሳውን በር ያጠብቁታል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን አመንጭቶ በሩን መክፈት ሲያቅተው፣ ቦዩ ይሞላል፤ ማሳው ግን ይጠማል። ይህ የእናቲቱ ጥፋት አይደለም።

ችላ ከተባለ ግን ጽንሱ ከመጠን በላይ ይገዝፋል፣ ምጥ ይከብዳል፣ የእናቲቱ የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ሕፃኑም እንደ ተወለደ የደሙ ስኳር ሊወርድበት ይችላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ስለማይታይ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ምርመራው የሚደረገው በተለይ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው። ቀደም ሲል ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለደች ወይም በቤተሰቧ የስኳር በሽታ ያለባት እናት ይህንኑ ቀድማ ለጤና ባለሙያ ትንገር።

ምን ይደረግ?

አብዛኞቹ እናቶች አመጋገብን በማስተካከልና በእንቅስቃሴ ብቻ ስኳሩን መቆጣጠር ይችላሉ። ይህ ማለት መራብ አይደለም። የእንጀራውን መጠን ቀነስ፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑንና እንቁላሉን ጨመር ማድረግ፣ በአንድ ጊዜ ከመጥገብ ይልቅ ከፋፍሎ መብላት፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ማር፣ ብርዝና ለስላሳ መጠጥ መተው ነው። ጾምን በሚመለከት ከጤና ባለሙያና ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል። ከምግብ በኋላ ቀስ ብሎ መራመድ ይጠቅማል፤ ሆኖም ከባድ እንስራና የእንጨት ሸክም «እንቅስቃሴ ነው» ተብሎ ለነፍሰ ጡር አይተውላት።

ይህ ካልበቃ ኢንሱሊን በመርፌ ይታዘዛል። ኢንሱሊን ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎችን ሲያክም የኖረ ነው፤ ወደ ጽንሱ አልፎ አይጎዳውም። መርፌ መታዘዙም እናቲቱ ሰነፈች ማለት አይደለም።

ልብን ማጽናት

በስድስተኛው ወር የታወቀ የእርግዝና ስኳር ሦስት ወር ያህል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህም ጤፍ ተዘርቶ እስኪታጨድ ከሚፈጀው ጊዜ እምብዛም አይበልጥም። ገበሬ አረሙን የሚነቅለው ቡቃያው ሲያድግ እያየ ነው፤ እናቲቱም በየምርመራው የስኳሩ ልክ ሲወርድ ስታይ ልቧ ይበረታል። አንድ ቀን ልኩ ከፍ ቢል የቀደመው ድካም ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም፤ በማግሥቱ መቀጠል ነው። ሐዘኑ አልለቅ ካላት ግን ይህንንም ለጤና ባለሙያ መንገር አለባት። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የመሪዎች ድርሻ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ አድርሷል። መሪዎች ባለሙያዋን በስብሰባ ላይ ጋብዘው ይህን ጉዳይ እንድታስረዳ ማድረግ ይችላሉ። ባሎች ሚስቶቻቸውን ተከትለው ወደ ምርመራ እንዲሄዱ፣ ውሃና እንጨት የማምጣቱን ሥራ እንዲጋሩ ማሳሰብ፣ የክትትል ቀን ከስብሰባና ከሥራ ዘመቻ ጋር እንዳይጋጭ ማድረግ፣ ጤና ጣቢያ ለራቃት መጓጓዣ አስቀድሞ ማሰናዳት፣ መውለጃዋ ሲደርስም በጤና ተቋም እንድትወልድ መርዳት ከመሪ ይጠበቃል።

ከወሊድ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር አለባት። በሽታው ያገኛት እናት ወደፊት በቋሚ የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላም በየጊዜው መታየት ይኖርባታል።

ከላይ ያነሣናት እናት የቀረችውን ቀጠሮ አሁንም መሄድ ትችላለች። ለዚህም አማቷ ወቀሳውን፣ ባሏ እንስራውን ያንሡላት።