እሺ ባይ ጓደኛ ይሻላል ወይስ እምቢ ባይ?

ለዛሬ ከፍቅር ጣጣ ዞር ብለን ወደ ስፖርት ጣጣ እንግባ። ብዙም አልራቅንም ታዲያ! ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው «ጥፋተኛው አንተ ነህ፣ የለም አንተ ነህ» የሚባባሉበት ነገር መቼም ከፍቅር ብዙ አይለይም።

ጉዳዩ አይኪዶ ነው። ጃፓናዊው ሞሪሄይ ኡዬሺባ (1883-1969 እ.ኤ.አ.) የፈጠሩት ጥበብ ሲሆን እንደ ቴኳንዶ ተራግጦ ነጥብ መቁጠር የለበትም፤ አብዛኞቹ የአይኪዶ ትምህርት ቤቶች ውድድር የሚባል ነገር አያውቁም። የሚመጣባችሁን ጉልበት ተቀብላችሁ፣ አቅጣጫውን አስለውጣችሁ፣ ሰውየውን መሬት ታስይዙታላችሁ። ወደ አገራችንም ገብቷል። በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ «ሰምና ወርቅ» መጽሐፍ ያሳተሙት አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን የአይኪዶ አስተማሪም ነበሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከማረፋቸው በፊት የሐዋሳ ወጣቶች አይኪዶ እንዲማሩ ረድተዋል።

የዛሬውን ጥያቄ ያመጣልን ደግሞ ሐዋሳ ተምሮ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ አንጋጫ የተመለሰ ወጣት ነው። ስም አንጠራም። አብሮ አደጉን ያሠለጥንና ማታ ማታ ከእንሰቱ ጓሮ ባለች ሣር ላይ ይለማመዱ ጀመር። በመጀመሪያው ወር ጓደኝየው ገና ሲነካ ዘጭ ይላል። የኛ ሰው «ጎበዝ ሆኛለሁ» ብሎ ደረቱን ነፋ። ኋላ ጓደኝየው ሰለቸውና እንደ ሐምበሪቾ ተራራ ቀጥ ብሎ «በል ወንድ ከሆንክ ጣለኛ!» ይለው ገባ። ይሄኔ የኛ ሰው በንዴት አንጓውን አለቅጥ ጠመዘዘው። እጅ አበጠ፣ የልጅነት ጓደኞች ተኳረፉ። «ለመሆኑ ልምምድ ላይ ጓደኛ መተባበር ነው ያለበት ወይስ መቃወም?» ይለናል።

በመጀመሪያ የሥራ ድርሻውን እንለይ። ጣዩ «ናጌ» ሲባል፣ የሚያጠቃውና በኋላ የሚወድቀው «ኡኬ» ይባላል። ተራ በተራም ይቀያየራሉ። ልብ በሉ! ኡኬ ማለት ጠላት አይደለም። ጓደኛው እንዲማርበት የገዛ ሰውነቱን ያዋሰ ሰው ነው። የተዋሰ ደግሞ ዕቃውን በደህና መመለስ አለበት።

ሳይገፋ የሚወድቅ ኡኬ ደግ ይመስላል እንጂ ጓደኛውን እየዋሸው ነው። ጣዩ ሚዛን ማሳቱን ወይም አለማሳቱን በምን ይወቀው? በተለይ ወንዶች! አብራችሁ የምትለማመደው ሴት ስትሆን «አይዞሽ» በሚል ስሜት ገና ሳትነካችሁ የምትወድቁ አላችሁ። ያ አክብሮት አይደለም፣ ንቀት ነው። እሷም የመጣችው ለመማር ነው።

እምቢ ባዩስ? እሱ ደግሞ ሌላ ማታለል አለበት። የሚሠራበትን ስልት አስቀድሞ ያውቀዋል! የሚመጣውን እያወቀ የማይገተር ማን አለ? ጥያቄው ተሰርቆ ደርሶት ፈተና እንደመቀመጥ ነው። ደሞም ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ማጥቃቱን ትቷል፤ ጣዩ ስልቱን እንዲቀይር ቢፈቀድለት በሌላ በኩል በቀላሉ ይጥለው ነበር። አደጋውም ቀላል አይደለም። አንጓ በሚጠመዘዝበት በ«ኮቴጋኤሺ» ላይ የተገተረ ሰው መገጣጠሚያው ይጎዳል። ወደ ኋላ በሚጣልበት በ«ሺሆናጌ» ደግሞ በጭንቅላቱ ሊመታ ይችላል።

ይህ ክርክር ታላላቆቹንም ለያይቷል። የኡዬሺባ ተማሪና የጁዶ ሰው የነበሩት ኬንጂ ቶሚኪ «እውነተኛ ተቃውሞ ከሌለ ማን ያውቃል?» በሚል አስተሳሰብ አንዱ ለስላሳ ቢላዋ ይዞ የሚያጠቃበትን ውድድር አስገቡ። ሌሎቹ ግን ውድድር ከገባ መሸናነፍ ይመጣል ብለው እስከ ዛሬ አይቀበሉም።

እኛ ደግሞ እንዲህ እንመክራለን። ጀማሪ ሁሉ በቅድሚያ አወዳደቅ ይማር፤ እስከዚያው በዝግታ፣ በመተባበር ይሁን። እንቅስቃሴው እጅ ሲገባ ኡኬው ከልቡ ይያዝ፣ ከልቡ ያጥቃ፤ የሚወድቀውም ሚዛኑን ሲስት ብቻ ይሁን። ተቃውሞው እንደ ጨው ነው፣ መጠኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «ዛሬ ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ» ማለት ምን ያሳፍራል? በደንብ ስትለምዱ ደግሞ ጣዩ ስልቱን ሳይናገር ይምረጥ፤ ያኔ እምቢታው ትርጉም ይኖረዋል። ኡኬው መሬቱን ወይም ገላውን መታ መታ ካደረገ ግን ክርክር የለም፣ ወዲያው ይለቀቅ! ያበጠ እጅም እብጠቱ እስኪጠፋ ይረፍ፤ ካልታዘዘ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ካልደፈረሰ አይጠራም ይባል የለ? ጓደኛችሁ ሲይዛችሁ ስልቱ እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። ቆም በሉና «የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» ብላችሁ ጠይቁት። የያዛችሁ እሱ ስለሆነ ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። መልሱን ሳትቆጡ መስማት ከቻላችሁ ግማሹን አይኪዶ ተምራችኋል። ሳምንት በሌላ ጣጣ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!