ስለ ክትፎ ቤት፤ የጉራጌ ገበታ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ዓለም ገናንና ሰበታን አልፎ፣ በተፍኪ፣ በተጂና በቱሉ ቦሎ በኩል ወሊሶ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ወልቂጤ ይቀጥላል። ይህ መንገድ ሁለት የእህል አገሮችን የሚያገናኝ ነው። በተጂ ዙሪያ የተዘረጋው የበቾ ሜዳ የጤፍና የሽምብራ አገር ስለ ሆነ እንጀራው ከደጅ ይገኛል። ወደ ወሊሶ ሲቃረቡ ግን ሰፋፊ ቅጠሉን የዘረጋ እንሰት በየጓሮው መታየት ይጀምራል፤ ወልቂጤን አልፈው ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ ሲገቡ ደግሞ እንሰቱ ቤቱን ከቦ፣ ጥላና አጥር ሆኖ ይገኛል። በዚሁ መንገድ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ የታሰረ ቆጮ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ይወጣል፤ በመስከረም ወር ደግሞ የከተማው ሰው ወደ አገሩ ይወርዳል። ክትፎ ቤት የሚባለው የምግብ ቤት ከዚህ መመላለስ የተወለደ ነው።

ክትፎ የሚለው ስም «ከተፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ነገሩን ከነአሠራሩ ይናገራል፤ ይኸውም ቀይ ሥጋ ከስብና ከጅማት ተለይቶ፣ በስለታም ቢላዋ በእንጨት ላይ እስኪልም ድረስ ተከትፎ፣ በሞቀ ንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ የሚለወስ ማለት ነው። ቅቤው በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በሌላም ቅመም የተነጠረ ነው። እንግዳ የሆነ ሰው ምግቡን በሥጋው ይመዝነዋል፤ የጉራጌ እመቤት ግን በቅቤው ትመዝነዋለች። ሥጋ በገንዘብ በአንድ ቀን ይገኛል፤ ቅቤ ግን ተጠራቅሞ፣ ተነጥሮና ተቀምጦ የሚደርስ ነው። ስለዚህም በአገር ቤት ሴቶች «ዊጆ» በሚባል የቅቤ ማኅበር እየተሰበሰቡ፣ እያንዳንዷ የድርሻዋን ቅቤ እያመጣች በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። የአንዲት ወይም የሁለት ላም ባለቤት የሆነች ሴት ለበዓል የሚበቃ ቅቤ የምታገኘው በዚህ ዘዴ ነው።

ሆኖም በአገር ቤት ክትፎ የዘወትር ምግብ አይደለም። የዘወትሩ ምግብ ቆጮ ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ እየተነቀለ ይዛወራል። የመትከሉና የማዛወሩ ሥራ የወንዶች ሲሆን፣ ተክሉን ፍቆ ቆጮ የማድረጉ ሥራ ግን የሴቶች ነው። የተፋቀው ገላ በጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ይብላላል፤ በዚያም ሳይበላሽ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። ሊጋገር ሲል ውሃው ተጨምቆ ይወጣል፤ ቃጫው በቢላዋ እየተከታተፈ ይደቃል፤ ከዚያም በቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ይበስላል። እንግዲህ «መክተፍ» የሚለውን ሥራ ሴቲቱ በየቀኑ የምትሠራው በቆጮው ላይ ነው፤ በሥጋው ላይ የሚሠራው ከስንት አንድ ቀን ነው።

ያ ቀን በተለይ መስቀል ነው። መስከረም 17 ቀን ከመድረሱ በፊት ለብዙ ወራት ወንዱ ለሰንጋው፣ ሴቲቱ ለቅቤው ያጠራቅማሉ። እርዱ ከመድረሱ አስቀድሞ ጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ፤ ይህም ጎመን ተቀቅሎ ደቅቆ ከተከተፈ በኋላ በቅቤ የሚለወስ፣ ከአይብም ጋር የሚቀርብ ነው። ከዚህ በኋላ ሰንጋው ይታረዳል፤ ክትፎውም በጣባ ሆኖ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ከቆጮ ጋር ይቀርባል። አሜሪካዊው የባህል አጥኚ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ሰይሞታል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጽሑፍም ጓዳው ሙሉ ሆኖ ሳለ የዘወትሩ ምግብ በቁጥብነት የሚበላ፣ የበዓሉ ግን የተትረፈረፈ መሆኑን አመልክቶ፣ ይህን ከረኃብ ሥጋት ጋር አያይዞታል። ሥጋት ያለው ነገር ምናልባት ለእመቤቲቱ ተራ የቤት አያያዝ ሊሆን ይችላል። የዘወትሩና የበዓሉ ገበታ እጅግ የተራራቁ መሆናቸውን ግን በትክክል አይቷል።

ምዕራቡ የጉራጌ አገር በ1881 ዓ.ም. ገደማ በራስ ጎበና ዘመቻ ለምኒልክ መንግሥት ከገበረ ወዲህ፣ ግብር የሚከፍልበትን ገንዘብ የሚፈልግ ጉልማሳ አዲስ ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ይወጣ ጀመር። በመጀመሪያ የቀን ሥራና ሸክም፣ ቀጥሎም ንግድ ያዘ። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ በተባለ ጊዜ፣ የጉራጌ ነጋዴ በዚያ ሥር ሰደደ። በ1950ዎቹም ዓ.ም. በከተማ የሚኖሩት የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው አገራቸውን በመንገድ ለማገናኘት ማኅበር አቋቋሙ፤ ከነዚህም አንዱ ከሰበታ አጠገብ ካለችው ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደውን መንገድ ለማሠራት የቆመው ነበር። መንገዱ ሰውን ወደ አገሩ ለማድረስ የታሰበ ቢሆንም፣ ቆጮን ወደ ከተማ አመጣ። ቤተ ሰቡን በአገር ቤት ትቶ በመርካቶ ለሚያድር ሰው የአገሩን ምግብ ሠርታ የምትሸጥለት ሴት የምታስፈልግበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ማስተዋልን ይጠይቃል። ክትፎ ቤቱ ከመርካቶ ወጥቶ ወደ ሌላው ሰፈር ሲዛመት የሚበላው ሰው ጉራጌ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ሌላው የከተማ ሰው ደግሞ የመጣው ለሥጋው ነው። ስለዚህ ገበታው ተገለበጠ። በአገር ቤት ቆጮው ብዙ፣ ሥጋው በዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ በመሐል ከተማ ግን ሥጋው በየቀኑ ሆነ፣ ቆጮውም እንደ ማጣፈጫ በስሱ ተቆርጦ በሳህን ዳር የሚቀመጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በእንጀራ የሚተካ ሆነ። «ስፔሻል» ተብሎ የሚታዘዘው አይብና ጎመን ቆጮም የተጨመረበት ሲሆን፣ «ኖርማል» የሚባለው ከዚህ የቀነሰው ነው። የዘወትሩ ምግብ «ስፔሻል»፣ የበዓሉ ምግብ «ኖርማል» ተብሎ መጠራቱ ያለ ማንም አሳብ የሆነ ቢሆንም፣ ነገሩን ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ያስረዳል።

በከተማው ዳርቻ ባለው ርካሽ ክትፎ ቤት ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሸሸ ሰው፣ የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኛ፣ የጭነት መኪና ነጂና ረዳቱ በነዚህ ከተሞች ይበዛሉ። ለነዚህ ሰዎች የሚሠራው ቤት ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ ዳር ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ሁለት ወይም ሦስት አግዳሚ ወንበር የሚይዝ ክፍል ነው። ወለሉ በበዓል ቀን ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። ባለቤቲቱ ራሷ ትከትፋለች፤ የእኅቷ ወይም የጎረቤቷ ልጅ ያስተናግዳል። እንደ ትልልቆቹ ቤቶች ሰንጋ አታርድም፤ በየማለዳው ከልኳንዳ ቤት በኪሎ ትገዛለች፤ የገዛችውንም በዚያው ቀን መጨረስ አለባት። ለክትፎ የማይሆነው ጅማታምና ስባማ ሥጋ ወደ ምንቸት አብሽ፣ አጥንቱ ወደ ቅቅል ይሄዳል። የቤቱ ትርፍ የሚገኘውም ከክትፎው ይልቅ ከዚህ ነው ለማለት ይቻላል።

ኪሱ የሳሳ ደንበኛ የሚበላበትን ብልኃት መመልከት ይገባል። ሦስት ጓደኛሞች ይገቡና አንድ ክትፎ ያዝዛሉ፤ ቀጥሎም ጎመን ክትፎ፣ አይብና ጭማሪ ቆጮ ያስመጣሉ። ሥጋው በመካከል ሆኖ ጎመኑና ቆጮው ዙሪያውን ይሞላል፤ እያንዳንዱም ቆጮውን ቆርሶ ከጎመኑ ይጠቀልልና ከሥጋው ጥቂት ያስነካበታል። ብቻውን የመጣውም ሰው ግማሽ ያዝዛል፤ ያም ካልተቻለው የጎመን ክትፎውን ብቻ፣ ወይም ከቡላ የተሠራ ገንፎ በቅቤ ይበላል። በዚህ አኳኋን ከድህነት የተነሣ ገበታው ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል፤ ቆጮው ይበዛል፣ ሥጋው ያንሳል፣ ቅቤው ጣዕሙን ይሰጣል። ጉራጌ አገር ተገኝቶ የማያውቅ የግንባታ ሠራተኛ በሰበታ መንገድ ዳር የሚበላው ምሳ፣ በመሐል ከተማ በጥቁር ጣባ ተሞልቶ ከሚቀርበው ይልቅ ለጉራጌ ቤት የዘወትር ገበታ የቀረበ ነው።

ይህን የመሰለ ነገር በሌላም ዓለም ታይቷል። ከ1880ዎቹ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ሕግ በእጅጉ እስከ ገደባቸው ድረስ፣ ከሲሲሊ ደሴት ብዙ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በኒውዮርክና በሌሎች ከተሞች ሰፍሯል። የታሪክ ጸሐፊዋ ሃሲያ ዳይነር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ ገለጸችው፣ የኢጣልያ ስደተኞች በአገራቸው የጌቶችና የበዓል ምግብ የነበረውን ሥጋ በአሜሪካ የዘወትር ምግባቸው አደረጉት፤ በባዕድ ዘንድ የኢጣልያ ምግብ ተብሎ የታወቀውም ይኸው የሰባው ገበታ ነው። በብሩክሊን ወደብ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1904 የተከፈተው የሲሲሊ ምግብ ቤት ግን ለወደብ ሠራተኞች የሚያቀርበው ከሽምብራ ዱቄት ተሠርቶ በዘይት የሚጠበስ ቂጣና በዳቦ መካከል የሚገባ የጣፊያ ጥብስ ነበር፤ ይህም የፓሌርሞ ድኻ በመንገድ ዳር የሚበላው ነው። የበቾ ገበሬ ሽምብራውን ለሽሮ እንደሚያውቀው የሲሲሊ ሰው ለዚህ ቂጣ ያውቀዋል። በዚያም ቢሆን የአገሩን ዘወትር ጠብቆ ያቆየው ርካሹ ቤት ነበር።

ስለ አበሳሰሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ደንበኛው ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ ብሎ ያዝዛል፤ ለብለብ የሚባለው በቅቤው ሙቀት መልኩን ብቻ የለወጠው ነው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ የጥንቱም ሰው ያውቅ ስለ ነበር የኮሶ አበባ እየጠጣ ይሽር ነበር፤ የዛሬው የከተማ ሰው ሐኪም ስለሚፈራ ለብለቡን መርጧል። የሥጋው አከታተፍም ያከራክራል። የሥጋ መፍጫ መኪና ሥራውን ያፈጥናል፤ ነገር ግን ሥጋውን ጨፍልቆ ሊጥ ያስመስለዋል፣ ያሞቀዋልም፤ ቢላዋ ግን እያንዳንዱን ቅንጣት ለየብቻው ይተወዋል። በዳርቻው ያሉ ትንንሽ ቤቶች ብዙዎቹ መኪናውን የሚገዙበት ገንዘብ ስለሌላቸው ቢላዋቸውን ይዘዋል፤ ደንበኛውም ይህን ያውቅና ከመቀመጡ በፊት ከጓዳ የሚመጣውን የቢላዋ ድምፅ ያዳምጣል።

ጾሙና ሃይማኖቱም ቤቱን ይገዛል። ረቡዕና ዓርብ በክርስቲያኑ ክትፎ ቤት ጣባው ይደፋል፤ በዐቢይ ጾም ከነጭራሹ የሚዘጋ አለ፣ ወይም ወደ ሽሮና ወደ ዘይት ጎመን ይዞራል። እስላሙ ጉራጌ ደግሞ የራሱን ሥጋ በራሱ ቤት ይበላል። ቆጮውንና ቡላውን ግን ሁለቱም ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ይገዛሉ፤ በጾምም ቢሆን ቆጮ አይከለከልም።

ለባህል አጥኚ በዚህ ነገር የሚያሳስበው አለ። የአዲስ አበባ ልጅ ጉራጌን የሚያውቀው በክትፎ ነው፤ ክትፎን ብቻ የሚያውቅ ደግሞ ከጉራጌ ዓመት ውስጥ የሚያውቀው ጥቂቱን ቀን ነው። የቀረው ዘመን የቆጮ ነው፤ በውስጡም የፋቂዋ ሴት ድካም፣ የጉድጓዱ ክምችት፣ በ1977 ዓ.ም. ሰሜኑን ረኃብ በመታው ጊዜ የእንሰትን አገር በብዙ የጠበቀው ጥበብ አለ። ይህ ሁሉ በመሐል ከተማው ሳህን ዳር የተቀመጠ አንድ ስስ ቁራሽ ሆኖ ቀርቷል። ተማሪዎች ስለ እንሰት ለመጠየቅ እስከ እኖር ወይም እስከ ጉመር የሚደርሱበት ጊዜና ገንዘብ ባይኖራቸው፣ በሰበታ መንገድ ዳር ከምትከትፈው ሴት ቢጀምሩ አይሳሳቱም። ቆጮው ከየትኛው ወረዳ እንደ መጣ፣ ስንት ጊዜ እንደ ቆየ፣ ቃጫው ለምን እንዳልወጣለት በመቅመስ ትለያለች። በዚህ ጉዳይ የምታውቀው ሁሉ የተጻፈበት መጽሐፍ የለም።

ቤቷን ግን በመስቀል ሰሞን መፈለግ ከንቱ ነው። በሌላው ክፍለ ዓመት ክትፎ በየቀኑ የሚሸጥበት በር ከመስከረም 13 ወይም 14 ቀን ጀምሮ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ይገኛል። ባለቤቲቱ ከልጆቿ ጋር፣ የአመቱን ልብስና ስኳር ጭና፣ ተፍኪንና ተጂን አልፋ ወደ ወልቂጤ በሚወርደው አውቶቡስ ላይ ናት፤ ከአገር ቤት ሰንጋው ተገዝቶ፣ የዊጆው ቅቤ ተነጥሮ ይጠብቃታል። ደንበኛውም በዚያ ሳምንት ወደ ጎረቤት ሄዶ በበቾ ጤፍ እንጀራ ሽሮ ይበላል።